ጋዝ ሲቀነስ ድርግም የሚል ድሮን፦ ችግሩና መፍትሄው

ፒያሳ ባለችው ጠባብ የጥገና ክፍሌ የሚደጋገም አቤቱታ አለ፦ «ሞተሩ ሲነሳ ደህና ነው፤ ጋዝ ስቀንስ ግን ሁሉም ነገር ድርግም ይላል።» መጀመሪያ የምጠይቀው ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ፓወር ሰፕላይ (በባትሪ ፋንታ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ይሆናል።

ምክንያት፦ የዛሬ ኢኤስሲዎች (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠሩ ቦርዶች) ጋዝ ሲቀነስ ሞተሩ በራሱ ጊዜ እስኪዘገይ አይጠብቁም፤ ይይዙታል። ሚኒባስ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቸርችልን በማርሽ ይዞ እንደሚወርደው በሉት። የሚኒባሱ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ እዚህ ግን ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ኤሌክትሪኩን በመጣበት ገመድ ይመልሰዋል። ባትሪ ይቀበለዋል። አብዛኛው ፓወር ሰፕላይ መስጠት እንጂ መቀበል ስለማይችል ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል፤ መከላከያው ይዘጋል። መከላከያ ከሌለው የኢኤስሲው ሞስፌት (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ትራንዚስተር) ሊቃጠል ይችላል። እኔም አንዱን እንዲህ አቃጥዬ ነው የተማርኩት።

መፍትሄ፦ ድሮኑን አጥብቃችሁ አስራችሁ በባትሪ ሞክሩት። ትልቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) በይዶ መገላገል የሚፈልግ አይጠፋም፤ ሒሳቡ ግን እሺ አይልም። 16 ቮልት ላይ ያለ የ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 5 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ብቻ ቢጨመርበት 100 ቮልት ይደርሳል፤ ያውም ቀድሞ ካልፈነዳ። በደቂቃ 24,000 ዙር የሚሽከረከር ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር ከነሞተሩ 30 ጁል ገደማ ይይዛል። ካፓሲተር የሚጠቅመው በባትሪ እየበረረ ጋዝ ሲቀነስ የካሜራው ምስል ከተሰነጣጠረ ነው። ለባለ 4 ሴል ባትሪ የ35 ቮልት፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ፣ የባትሪው ገመድ ከቦርዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እግሩ አጥሮ ይበየድ።

«የሚመለሰው ኃይል የበረራ ጊዜ ይጨምራል?» ይሉኛል። ባለ 4 ሴል 1500 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ 80,000 ጁል ገደማ ይይዛል። አንድ ፕሮፔለር ከነሞተሩ ከሚይዘው 30 ጁል ጋር አስተያዩት።

ሌላ ምልክት፦ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ጋዝ ሲቀነስ ዘግይቶ ይታዘዛል። የታጠፈ ፕሮፔለር ካልሆነ ጋዝ ሲቀነስ ሞተሩን የሚይዘው የኢኤስሲው ብሬክ በሶፍትዌር ተዘግቶ ይሆናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ፕሮፔለሩን በራሱ የሚያዘገየው ነገር ያንሳል፣ የብሬኩ አለመኖርም ጎልቶ ይታያል። በኢኤስሲው ሶፍትዌር ውስጥ «ዳምፕድ ላይት» የሚለውን፣ ማለትም ይህንኑ ብሬክ፣ ክፈቱት። «ብሬክ ኦን ስቶፕ» ከሚለው ጋር እንዳታምታቱት፤ ያ የሚሠራው ጋዝ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው፣ ጉልበቱንም የሞተሩ ሽቦ ጥቅልል ውስጥ ሙቀት አድርጎ ይጨርሰዋል። ካረፈ በኋላ ፕሮፔለሩ ቶሎ እንዲቆም ካልፈለጋችሁ ዝጉት።