የአሮጌ ትሮምቦን ስላይድ ከባዕድ ደወል ጋር ሲጋባ፦ ችግርና መፍትሔ

አዳማ እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጡት አሮጌ ትሮምቦኖች ብዙዎቹ ሙሉ አይደሉም። ደወሉ (ድምፁ የሚወጣበት፣ አፉ ሰፊ የሆነው ክፍል) ከአንዱ ዕቃ፣ ስላይዱ (ኖታ ለመቀየር የሚሳበውና የሚገፋው ድርብ ቱቦ) ከሌላው፣ ሣጥኑ ደግሞ ከሦስተኛው ነው። በማርሽ ባንድ ሕይወት ይህ ነውር የለውም። ሙሉ ስላይድን፣ ማለትም የውስጡንም የውጩንም ቱቦ አንድ ላይ፣ ከሌላ ደወል ጋር ማጋባት ይቻላል። የአንዱን ስላይድ የውስጥ ቱቦ በሌላው የውጭ ቱቦ ውስጥ መክተት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ደወሉ ይወዛወዛል፣ ወይም ማሰሪያው ቀለበት አንድ ዙር ሳይሞላ ይይዛል

ምክንያቱ መግጠሚያው ነው። ስላይዱ ላይ ያለው ወንዱ፣ ደወሉ ላይ ያለው ሴቷ። ወንዱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ አቀጣጠኑም ሆነ የቀለበቱ ፊሌቶ (የብሎን ጥርሱ) በኮን፣ በኪንግና በባክ ፋብሪካዎች ሥራ አንድ አይደለም። በዓይን ሲታዩ ግን መንታ ይመስላሉ፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

ለማረጋገጥ ወንዱን ዙሪያውን በዋይትቦርድ ማርከር ቀቡት። ሲደርቅ ሴቷ ውስጥ አስገብታችሁ ሩብ ዙር አዙሩና አውጡት። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች እኩል ከተፋቀ ተጋብተዋል። አፉ ላይ ብቻ ቀለበት ሠርቶ ከተፋቀና ታችኛው ክፍል ቀለሙን እንደያዘ ከወጣ፣ የያዘው ጠርዙ ብቻ ስለሆነ መወዛወዙ አይቀርም።

ለአንድ ሠርግ ማምሻ አንድ ዙር የቧንቧ ሠራተኛ ቴፍሎን ያደርሳችኋል። ዘላቂው መፍትሔ የደወሉን ሴት መግጠሚያ አውልቆ ከስላይዱ ጋር የሚስማማ በስታኞ መበየድ ነው። ቀለበቱን በፒንሳ አታስገድዱት፤ ፊሌቶው ከተበላ ሁለቱም ዕቃ ይከስራል።

ወንዱን ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አታስላጩ። እኔ አድርጌዋለሁ። ፍራንኮ አካባቢ ለአንድ ልጅ «ፀጉር ታህል ብቻ» አልኩት፤ እሱም ፀጉር ታህል ላጨልኝ። ባዕዱ ደወል ቁጭ አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። በዓመቱ የስላይዱ ትክክለኛ ደወል ሲገኝ ግን ወንዱ ሴቷ ውስጥ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የተላጨ ነሐስ አይመለስም፤ ሴቷን መቀየር ግን ሁልጊዜም ይቻላል።

ስላይዱ ይፋቃል፣ መሐል ላይ ይያዛል

መጀመሪያ አቧራ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የአዳማ ንፋስ ከስላይድ ክሬም ጋር ሲገናኝ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ ክሬሙን አዲስ ቀቡት፣ ውኃ ርጩበት።

ያው ከሆነ የውስጡን ቱቦዎች ጫፍ እዩ። ጫፋቸው ላይ ወፈር ያለ ክፍል አለ፤ ካልሲ እንለዋለን። ከውጩ ቱቦ ጋር ዋናው መነካኪያ እሱ ነው፤ በመሐላቸው ያለው ክፍተትም እጅግ ጠባብ ነው። አሁን የውስጡን አንዱን እግር ብቻ በሚገባበት የውጭ ቱቦ ክተቱ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ለየብቻ ሲሆኑ እንደ ቅቤ እየሄዱ አንድ ላይ ከተያዙ፣ በእግሮቹ መሐል ያለው ርቀት አልገጠመም ወይም አንዱ ጠሟል ማለት ነው። የመስኮት መስታወት ላይ አስተኙት፤ አንዱ ጫፍ ከተነሣ ተጣሟል። ማቃናት የባለሙያ ሥራ ነው፣ ጉልበት አይወድም። ለየብቻም የሚፋቁ ከሆነ ግን አንድ ሰው የሁለት ዕቃ ቱቦ አጋብቶ ሊሆን ይችላል። በአሸዋ ወረቀት አሽቶ ማስማማት የሚባለውን ምክር አትስሙ፤ ጥንዱን ፈልጉ።

ይገጥማል፣ ይንሸራተታል፣ ድምፁ ግን ታፍኗል ወይም አንድ ኖታ አልያዝ ይላል

እዚህ ጋ የቱቦው ስፋት ይመጣል። በካሊፐር የውስጡን ቱቦ የውስጥ ስፋት ለኩ፤ ሁለቱንም እግር፣ በካልሲው ጫፍ በኩል። ሁለቱን የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ኪንግ 2ቢ የተባለው ሞዴል ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ላይኛው እግር 12.2፣ ታችኛው 12.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ትንሽ ደረጃ መኖሩ በራሱ በሽታ አይደለም፤ አየሩ ከጠባብ ወደ ሰፊ እስከሄደ ድረስ።

ኪንግ 3ቢ 12.9፣ ባክ 36 13.3፣ ባክ 42 ደግሞ 13.9 ሚሊ ሜትር ነው። የ3ቢን ስላይድ በ36 ደወል ላይ ብታደርጉ፣ መግጠሚያው ከተስተካከለ፣ የ0.4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። የ12.7 ስላይድ በ42 ደወል ላይ ግን የ1.2 ሚሊ ሜትር ገደል ነው። በግልባጩ፣ ሰፊ ስላይድ ጠባብ የደወል አንገት ላይ ሲገባ አየሩ ግድግዳ ይገጥመዋል፤ በእኔ ጆሮ የከፋው እሱ ነው። ለዚህ ማሸጊያም ቴፍሎንም መድኃኒት የለውም፣ ሌላ ስላይድ ነው። ማውዝፒሱንም (ከንፈር የሚገጥምበትን መንፊያ) አትርሱ፤ ቀጭን እግር ያለው በትልቅ ስላይድ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ ይወዛወዛል፣ ያኔ በከንቱ ደወሉን ትወቅሳላችሁ።

ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ተስቦም ድምፁ አልወርድ ይላል

ማስተካከያ የምለው ለመቃኘት የሚሳበውን፣ ብዙ ጊዜ ደወሉ በኩል ያለውን ቱቦ ነው። እሱ ተስቦም ድምፁ ካልወረደ ስላይዱ አጥሯል። ስላይድ የታጠፈ ቱቦ ስለሆነ የ1 ሳንቲሜትር እጥረት 2 ሳንቲሜትር ቱቦ ነው፤ ይህም የግማሽ ድምፅ አንድ ስምንተኛ ያህል ከፍ ያደርጋል። ያን ያህሉን ማስተካከያው ይችለዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደወሉ ወይም ስላይዱ 440 ኸርዝ (የላ ኖታ ንዝረት በሰከንድ) የጋራ መቃኛ ከመሆኑ በፊት፣ እስከ 457 ከፍ ብሎ ለሚቃኝ ባንድ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማውረድ ወደ 10 ሳንቲሜትር ተጨማሪ ቱቦ ያስፈልጋል። ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ያምራል።

ጭራሽ ማስተካከያ ከሌለውስ? አንዳንድ አሮጌ ኮኖች ማስተካከያቸው ስላይዱ ላይ ነው። የዚያን ደወል ከተራ ስላይድ ጋር ካጋባችሁ የምትስቡት ነገር አይኖርም።

አየር ያፈስሳል

ይህ ከጋብቻው ጋር ብዙም አይገናኝም። ስላይዱን ዝጉ፣ የወንዱን ቀዳዳ በአውራ ጣት ድፈኑ፣ በማውዝፒሱ ቀስ ብላችሁ ንፉ። በካልሲው በኩል ጥቂት ማሾለክ ያለ ነው። ከምራቅ ማውጫው ከወጣ የቡሿ ጥፋት ነው፤ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቡሽ በስሱ ቆርጣችሁ ለጥፉበት።