ሸንኮራን ለወንጂ ፋብሪካ፦ ከዘር እስከ ቆረጣ

በአዋሽ ዳር ያለችው ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ኑሮዋን በስኳር ፋብሪካ ላይ የመሠረተች ከተማ ናት። ለፋብሪካው አገዳ የሚያቀርብ ገበሬ ጥሩ ምርት የሚያገኘው ወይም የሚያጣው ገና ዘር ሲመርጥ ነው።

ዘር የሚሆነው ከ8 እስከ 10 ወር ያለው አገዳ ነው፤ ሲያረጅ ዓይኑ፣ ማለትም ቡቃያ የሚወጣበት ቦታ፣ ይደርቃል። በተሳለ ገጀራ ባለ 3 ዓይን አድርገው ይቁረጡ፤ ዱልዱም ገጀራ አገዳውን ይሰነጥቃል፣ በስንጥቁም በኩል መበስበስ ይጀምራል። ማሳ ሲቀይሩ ስለቱን በእሳት ለብለብ ያድርጉት፤ በሽታ በስለትም ከማሳ ማሳ ይዛመታል።

ከጫፉ ጥቁር ጅራፍ የመሰለ ነገር ካወጣ አገዳ ዘር አይወሰድም። ጅራፉን አስቀድመው በከረጢት ይሸፍኑት፣ ከዚያ ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉት። ሳይሸፍኑ ከነቀሉት በጅራፉ ላይ ያለው ጥላሸት የመሰለ የበሽታ ዱቄት በነፋስ ማሳውን ያዳርሳል።

በ50 ዲግሪ ውኃ ለ2 ሰዓት የተዘፈዘፈ ዘር ከተገኘ ይመረጣል። በርሜል ጥዶ በግምት መሞከር ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ውኃው ጥቂት ዲግሪ ቢያልፍ ዓይኑ ይቀቀላል፣ ቢጎድል በሽታው አይሞትም።

በቦይና በቦይ መካከል 1.45 ሜትር ይተዉ። አንድ ሄክታር 6,900 ሜትር ያህል ቦይ ይወጣዋል፤ ቁራጩ 35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 20 ሺህ ቁራጭ ይፈጃል። ጫፍ ለጫፍ አጋድመው ዓይኖቹን ወደ ጎን ያዙሩ፤ ወደ ታች ያየ ዓይን ዘግይቶ ይወጣል። አፈሩ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በዕለቱ ያጠጡ፣ ነገር ግን መረሬ መሬት ላይ ውኃ አይተኛ፤ ቁራጩ እንደ ጠላ ከሸተተ በስብሷል። ከወር በኋላ ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ ባዶ ቦታ ካለ በቶሎ ይተኩ፤ የዘገየ ተተኪ በጎረቤቶቹ ጥላ ይዋጣል።

ከቆረጣ በፊት ውኃ ይቋረጣል፣ ያኔ አገዳው እድገቱን ገትቶ ስኳር ያጠራቅማል። ሲቆርጡ ከመሬት እኩል ይቁረጡ፤ ታችኛው ክፍል ከሁሉ ይጣፍጣል፣ ከረጅም ጉቶ የሚያቆጠቁጠውም ደካማ ነው። ለጋውን ጫፍ ለከብት ይስጡት፤ ጭማቂው ፋብሪካ ውስጥ ስኳሩ እንዳይረጋ ያስቸግራል። ለቆረጣ እንዲመች ቅጠሉ የተቃጠለ አገዳ ቶሎ ይበላሻልና፣ መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት ሳያረጋግጡ እሳት አይለኩሱ።