በውክልና የያዝነውን የዘመድ ገንዘብ ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

አክስቴ ቢቸና ነው የሚኖሩት። ደብረ ማርቆስ ላይ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች አሏቸው። ቢቸና ደግሞ በእኩል የሚታረስ የጤፍ ማሳ አላቸው። ዓይናቸው ሲደክም ውክልናውን ለእኔ ሰጡኝ። አሻራቸውን ካሳረፉ በኋላ ጣታቸውን እየጠረጉ «ልጄ፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» አሉኝ። ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ሁለቱን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ውክልና ካለኝ ሁሉንም ማድረግ እችላለሁ ማለት

ብዙ ሰው «እንደ እኔ ሆኖ» የሚለውን ቃል አይቶ ሁሉም የተፈቀደለት ይመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ አይልም። በአንቀጽ 2203 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው። ይኸውም ንብረት መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈልና ምርት መሸጥ ነው። ቤት ለመሸጥ፣ በዕዳ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት ወይም ለመክሰስ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረቀቱን አውጥታችሁ ቃል በቃል አንብቡት። ባንክም ቢሆን ገንዘብ ማውጣት በግልጽ ካልተጻፈ ሊመልሳችሁ ይችላል።

የእሳቸውን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር መቀላቀል

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የመጀመሪያው የእኔ ጥፋትም ይኸው ነበር።

መጀመሪያ ላይ ተከራዮቹ ኪራዩን የሚልኩት በእኔ ሒሳብ ነበር። ይቀላል ብዬ ነው። መስከረም ላይ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ መጣ። ደሞዝ ሲገባ እመልሳለሁ ብዬ ከኪራዩ 3,000 ብር አነሳሁ። ጥቅምት ላይ አክስቴ ዓይናቸውን ለመታከም ባሕር ዳር መሄድ ነበረባቸው። ስልክ ደውለው «ከኪራዩ ያለውን ላክልኝ» አሉኝ። ብሩ የለም። ከጎረቤት ተበድሬ ላክሁ። እሳቸው እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር፤ ይህን ከመጻፌ በፊት ሄጄ ነገርኳቸው።

ብሩን መልሻለሁ፤ ግን መመለሱ ነገሩን አያቀለውም። በዚያ ሰዓት ገንዘቡ የሚፈለገው ለዓይናቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ አስቀድሜ ለራሴ አውጥቼዋለሁ። ማንም ሌባ ነኝ ብሎ አይጀምርም። ሁሉም የሚጀምረው «ለሳምንት ብቻ» ብሎ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በእሳቸው ስም የባንክ ሒሳብ ይኑር፤ እናንተ በውክልናው አንቀሳቅሱት። ኪራዩም፣ የጤፉ ሽያጭም፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ የሚልከውም እዚያው ይግባ። በቴሌብር ወደ እናንተ ከመጣ በዚያው ቀን አስተላልፉት። ዕቁብ ውስጥ አታስገቡት፤ በእሳቸው ስም የሚጣል ዕጣ ከሆነና ራሳቸው ካዘዙ ብቻ።

አለመጻፍ

«እኔና እሳቸው እንተማመናለን» ይባላል። መተማመኑ እንዲቆይ ነው የሚጻፈው። ወካይ በፈለገ ጊዜ ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለው፤ ተወካይ ደግሞ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

እኔ አንድ ተራ የተማሪ ደብተር አለኝ። ደረሰኞቹን በስቴፕለር እዚያው አያይዛለሁ። ቢቸና በሄድኩ ቁጥር ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ባለፈው «ኅዳር 12፦ ቆርቆሮ አራት፣ ሚስማር ግማሽ ኪሎ፣ የአናጢ የቀን ሒሳብ» ብዬ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«የአናጢው ምሳስ?»

«እሱን እኔ ከኪሴ አበላሁት፣ እትዬ።»

«ጻፈው። ያንተም ገንዘብ አይጥፋ።»

ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። ለሥራው ያወጣችሁት ወጪ ይመለስላችኋል። የድካም ዋጋ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ካልተስማማችሁ በስተቀር ከገንዘባቸው ቆርጣችሁ አትውሰዱ።

«እሳቸው ቢሆኑ ይሰጡ ነበር» ማለት

የአጎት ልጅ ሠርግ ይደርሳል። ሌላው ለማዳበሪያ ብድር ይጠይቃል። ውክልናው ያለው እናንተ ጋ መሆኑን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። መልሱ አንድ ነው፦ «ራሳቸውን ጠይቁ።» እሳቸው ስጥ ካሉ የተባለውን ያህል ስጡ፤ ልዩ ውክልና የሚያስፈልገው ከሆነም አስቀድማችሁ አስጽፉ።

ሻጭም ገዥም መሆን

ሁለተኛው ጥፋቴ። የእኩሉ ጤፍ ሲሸጥ ሁለት ኩንታል ለቤቴ አስቀረሁ፤ ዋጋውንም ራሴ ቆረጥኩ። ከገበያው ዝቅ አድርጌ። ተወካይ ከራሱ ጋር የሚያደርገውን እንዲህ ያለ ውል ወካዩ ሊያስፈርሰው እንደሚችል አንቀጽ 2188 ላይ ያነበብኩት በኋላ ነው። ልዩነቱን ከፈልኩ። አሁን መግዛት ስፈልግ ዋጋውን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው።

ለባለቤቱ መሰሰት

ይህን ጥፋት ብሎ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ሒሳቡ ላይ ብር እየተጠራቀመ ባለገንዘቧ በሳሳ ጋቢ የሐምሌን ብርድ ይገፋሉ። ዘመድ ደግሞ «ቆጣቢ ነው» ብሎ ያመሰግናል። ለማን ነው የሚቆጠበው? ለወራሽ? ገንዘቡ የእሳቸው ነው፤ መጀመሪያ እሳቸውን ያሙቅ፣ ያብላ፣ ያሳክም። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለማኅበራቸው ማውጣት ካሻቸውም አትከራከሩ።

ውክልናው ሲያበቃ መቀጠል

ሰነዱ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል፤ በሕግ ችሎታ ሲያጣም እንዲሁ። አእምሯቸው ከደከመ የድሮውን ወረቀት ይዞ መሮጥ ሳይሆን ፍርድ ቤት ቀርቦ ሞግዚት እንዲሾም መጠየቅ ነው የሚያዋጣው። ከሞቱ በኋላ ደግሞ ለቀብር ተብሎም ቢሆን ከሒሳባቸው አይወጣም። ለዚያ ዕድር አለ፣ ዘመድ አለ። ገንዘቡ የወራሾች ነው፤ እነሱም ወራሽነታቸውን ፍርድ ቤት አረጋግጠው ይወስዱታል።

የእኔ ደብተር ሽፋን ውስጥ የአክስቴ ትልቋ ልጅ ስምና ስልክ ተጽፏል። ደብተሩን የምትረከበው እሷ ናት። አክስቴ ራሳቸው ናቸው ያጻፉኝ።