ከምግብ በኋላ የሚደልቅ ልብ፦ የሆድና የልብ ምልክት ሲጣመር ችግሩና መፍትሄው

ምሳ ከተበላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆድ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ግሳት አልወጣ ይላል፤ ቀጥሎም ልብ አንድ ምት እንደ ዘለለ ሁሉ ቆም ይልና በኃይል ይደልቃል። ሕመምተኛው ወደ ልብ ሐኪም ሲሄድ የተነሣው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ደህና ነው ይባላል፤ ወደ ጨጓራ ሐኪም ሲሄድ ደግሞ መጠነኛ መቆጣት ተገኝቶ የአሲድ መቀነሻ ይታዘዝለታል፣ የልቡ ነገር ግን «ጭንቀት ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። እኔም በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ያህል ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስመላለስ ቆይቼ የተረዳሁት፣ ሐኪሞቹ እያንዳንዳቸው የሚያዩትን በትክክል ማየታቸውን፣ የጎደለው ግን ምልክቱ በስንት ሰዓትና ከምን በኋላ እንደሚመጣ የሚያሳይ መረጃ መሆኑን ነው። ያንን መረጃ ይዞ መቅረብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ጥምረቱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ሬምሄልድ እ.ኤ.አ. በ1912 ጽፎበታል፤ ዛሬም በስሙ የሚጠሩት አሉ። ጨጓራና ልብን የሚለያያቸው ድያፍራም የሚባለው ስስ ጡንቻ ነው፤ ልብ ከላዩ ተቀምጧል፣ የጨጓራ የላይኛው ክፍል ደግሞ ከሥሩ አለ። ቬገስ የሚባለው ነርቭም ከአንጎል ተነሥቶ ለልብም ለጨጓራም ቅርንጫፍ ስለሚሰጥ፣ የአንዱ መለጠጥ የሌላውን ምት ሊነካ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህንን ብቻውን የሚያረጋግጥ ምርመራ ስለሌለ፣ እዚህ ድምዳሜ ላይ የሚደረሰው ሌሎቹ ምክንያቶች አንድ በአንድ ከተጣሩ በኋላ ነው።

«ጨጓራዬ ነው» ከማለት በፊት

በእኛ ዘንድ ከደረት እስከ እምብርት ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ይባልና ተልባ ወይም አብሽ ይጠጣለታል። ልማዱ አደገኛ የሚሆነው፣ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በተለይ የልብን የታችኛውን ግድግዳ የሚይዘው፣ በላይኛው ሆድ ሕመም፣ በማቅለሽለሽና በማስታወክ ብቻ ሊገለጥ ስለሚችል ነው፤ በስኳር ሕመምተኞች፣ በሴቶችና በአረጋውያን ላይ ደግሞ ይህ መልኩ ይበዛል። ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚተው ሕመም የልብ ነው ተብሎ መጠርጠር አለበት። ሕመሙ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካስከተለ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከተዛመተ፣ ወይም ትንፋሽ ማጠርና ራስን መሳት ከታከለበት መጠበቅ አይገባም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ አሜሪካ በ911፣ እስራኤል በ101፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በ997 ይጠራል።

ምልክት፦ ከምግብ በኋላ መነፋትና የልብ መዝለል

ብዙዎቻችን ያለንበት ይህ ነው። «ዘለለ» የምንለው በአብዛኛው ከሰዓቱ ቀድሞ የመጣ ተጨማሪ ምት ነው። ከእርሱ በኋላ ልብ ትንሽ ይቆማል፤ በዚያ ፋታ ውስጥ ከወትሮው የበለጠ ደም ስለሚሞላ ቀጣዩ ምት ደረትን እንደሚመታ ሆኖ ይሰማል። ልቡ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይም የሚታይ ነገር ሲሆን፣ ጤነኛ መሆኑን ግን መናገር ያለበት ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ ነው።

የሚቀሰቅሰው የምግቡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን መጠኑና ፍጥነቱ ጭምር ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉኛ የደነገጥኩት በፋሲካ ሌሊት ነበር፦ ከ55 ቀን ጾም በኋላ፣ ከቅዳሴ መልስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ በልቼ ወዲያው ተኛሁ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትራሱ ውስጥ የልቤን ድምፅ እሰማ ነበር። አሁን ጾም ስፈታ መጀመሪያ ትንሽ ቀምሼ፣ አንድ ሰዓት ቆይቼ ቀሪውን እበላለሁ። በአዘቦቱም አንድ ትልቅ ምሳ ለሁለት ይከፈላል፤ ሽምብራና ባቄላ የሚነፋው ሰው ለጊዜው ይቀንሳቸዋል፤ ከእራት እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ይተዋል። ብዙ ሰው እንዲያገሳው ብሎ አምቦ ውኃ ይጠጣል፤ ነገር ግን ያ ግሳት በአብዛኛው አሁን ከጠርሙሱ የገባው ጋዝ ነው፣ ሆድ ውስጥ የቀረውም መወጠሩን ይጨምራል።

ቡናን ሁሉም ሰው «ተው» ይላል። በመጠን የሚጠጣ ቡና በአብዛኛው ሰው ላይ የልብ ምት አያዛባም፤ ለሁለት ሳምንት አቁሞ ልዩነቱን መመልከት ይበቃል፣ ልዩነት ካልታየ ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ሥርዓት ማስቀረት ለምን እንደሚያስፈልግ አይታየኝም።

ምልክት፦ ሌሊት ቃርና የደረት ማቃጠል

አሲድ ወደ ጉሮሮ መመለሱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የጨጓራ ጫፍ በድያፍራሙ ቀዳዳ ወደ ደረት መውጣቱ ምክንያት ይሆናል። ከአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ ማድረግ ትራስ ከመደራረብ ይሻላል፣ ትራስ ሆድን ያጥፋልና። ለቃር በግራ ጎን መተኛት ይመከራል፤ ይሁን እንጂ በግራ ሲተኙ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋ ድለቃው ጎልቶ ሊሰማ ይችላል። እንዲህ ለሚሆንበት ሰው የራስጌውን ከፍ አድርጎ በጀርባ መተኛት መካከለኛ መፍትሄ ነው።

ምልክት፦ ከምግብ ጋር የማይያያዝ ፈጣን ትርታ

ትርታው ቀኑን ሙሉ ፈጣን ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ሰገራ ከተመላለሰና እጅ ከተንቀጠቀጠ የታይሮይድ ዕጢ መመርመር አለበት፤ ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ መነሻ ይሆናል። ትርታው ከድካምና ከመገርጣት ጋር ከመጣ ደግሞ ደም ማነስ ይጠረጠራል፤ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራው እየደማ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ግድ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች የታወቁ የመድማት ምክንያቶች ናቸው። ለልቡ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ሆዴን አመመኝ ብሎ በራሱ ማቆም የለበትም። የጨጓራ ባክቴሪያን በሰገራ የሚመረመር ሰው ኦሜፕራዞል የተባለውን የአሲድ መቀነሻ በሐኪም ምክር ሁለት ሳምንት ቀድሞ ካላቆመ ውጤቱ በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል።

ምልክት፦ ሆድ ቶሎ መሙላት፣ እግር ማበጥ፣ ተጋድሞ መተንፈስ አለመቻል

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ልብ ደክሞ ጉበትና አንጀት ውስጥ ደም ስለሚጠራቀም ሰውየው የሚያማርረው ሆዱን ይሆናል። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የሚመጣው የልብ በር ጉዳት ወጣቶችንም ስለሚይዝ፣ «ገና ልጅ ነው» ተብሎ ኢኮ መቅረት የለበትም።

ምልክት፦ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የባሰ የልብ ምት መዛባት

ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የደም ማግኒዥየምን ዝቅ ሊያደርጉና የልብ ምት ሊያዛቡ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 አስጠንቅቋል። ለጨጓራ ባክቴሪያው የሚሰጠው ክላሪትሮማይሲንም በአንዳንድ ሰዎች ላይ የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ይነካል፤ ስለዚህ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ያስፈልጋል።

ማስታወሻውና የ24 ሰዓቱ ምርመራ

ለሁለት ሳምንት በአንዲት ደብተር እንዲህ ይመዘገባል፦ «ሰኞ፣ 7:20 ምሳ፣ ሽሮ በአንድ ተኩል እንጀራ፤ 8:05 መነፋት፤ 8:15 ትርታ 94፣ በደቂቃ ሦስት ዝላይ፤ 8:40 አገሳሁ፣ ቆመ።» ትርታው የሚቆጠረው አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ዝላዩን ያስታል። ይህ ደብተር ሲታይ ሐኪሙ ሆልተር የሚባለውን፣ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ደረት ላይ ታስሮ ምቱን የሚቀዳውን መሣሪያ ለማዘዝ ምክንያት ያገኛል። እኔ መጀመሪያ ባሰርኩት ጊዜ ፈርቼ ቀኑን ሙሉ አጃ ብቻ ጠጣሁ፤ ውጤቱም ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ፣ ገንዘቤም ባከነ። በሁለተኛው ጊዜ እንደ ወትሮዬ ሽሮዬን በልቼ፣ ልቤ ሲዘል የመሣሪያውን ቁልፍ ተጭኜ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ዝላዮቹም ከምሳ በኋላ ባለው ሰዓት ላይ ተሰብስበው ወረቀቱ ላይ ተገኙ።