ሽቦው ላላ፣ ምሰሶው ሰመጠ፦ የአሮጌ የእንጨት ሸራ ጀልባ ችግርና መፍትሄ

ጀልባውን ማጠብና ማድረቅ፣ የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ የተቀደደ ሸራ መስፋት የሚታወቅ ነገር ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ምልክት፦ ሽቦዎቹ ደጋግመው ይላላሉ

ሸራው የሚሰቀልበትን ምሰሶ በግራና በቀኝ ወጥረው የያዙት የሽቦ ገመዶች ጠዋት በልኩ ጠብቀው ነበር፤ ማታ ሲታዩ ላልተዋል። በጉዞ ላይ ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ወገን ያለው ሽቦ ትንሽ ቢላላ ደንብ ነው። ጀልባው ቆሞ፣ ሸራው ወርዶ ሁለቱም ሲላሉ ግን ሌላ ነገር አለ። ባለቤቱ ማጥበቂያውን ያዞራል። በሳምንቱ ደግሞ ያዞራል። ማጥበቂያው መዞሪያ ሲያልቅበት አዲስ ሽቦ ይገዛል! ገንዘቡ ከንቱ ቀረ፤ የብረት ሽቦ በየሳምንቱ አይረዝምም። እያጠረ ያለው ምሰሶው ነው።

መንስኤ

የምሰሶው እግር በስብሷል፣ ወይም እግሩ የሚቆምበት መሰኪያ በስብሷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም። የተወጠሩት ሽቦዎች ምሰሶውን ወደ ታች ይጫኑታል፤ የበሰበሰው እንጨትም እየተጨፈለቀ ይሰምጣል።

እንጨት በጎኑ ውሃ የሚጠጣው በዝግታ ነው፤ ጅማቱ በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ግን እንደ ኩራዝ ክር ይስባል። ዝናቡ በምሰሶው ላይ ወርዶ መሰኪያው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው እዚያው ይከርማል። እንጨት አብስባሽ ፈንገስ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየለት፣ አየርና ሙቀት ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። ጨዋማ ውሃ ያዳክመዋል፤ የዝናብ ውሃ ይመቸዋል። ባሕር ላይ ዓመታት የሠራ ጀልባ ደህና ሆኖ፣ ያለ ሽፋን ሜዳ ላይ የቆመው ሲበሰብስ የሚደነቅ ሰው ይህን አያውቅም።

እንዴት ይረጋገጣል?

ምሰሶውን አውርዳችሁ ቢያንስ ሦስት ቦታ ደግፉት፤ በሁለት ጫፉ ብቻ የተኛ ምሰሶ ይጎብጣል። እግሩን በወስፌ ውጉት። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሳል፣ ሲፈለቀቅም ረጅም ስንጣሪ ይሰጣል። የበሰበሰው ዝም ብሎ ያስገባል፤ ስባሪውም አጭር ነው። ከዚያ በካቻቪቴ እጀታ ከእግሩ ወደ ላይ እየመታችሁ አዳምጡ፤ የታፈነው ድምፅ ጥርት የሚልበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

የቫርኒሹን ማማር አትመኑ። አንድ ሰው ከገዛው ገና ወር ያልሞላው የሚያብረቀርቅ ምሰሶ አምጥቶልኝ ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። የቀድሞው ባለቤት የበሰበሰውን ጎርጉሮ፣ የመኪና ስቱኮ ሞልቶ፣ በላዩ ቀብቶ ሸጦለታል። ስቱኮ ከእንጨት ጋር አብሮ አያብጥም፣ አብሮም አይኮማተርም፤ በዙሪያው ስንጥቅ ከፍቶ ውሃውን ውስጥ ይቆልፍበታል። ከስቱኮው በላይ አንድ ክንድ የሚሆን እንጨት በጣት ይፈረፈር ነበር። ሌላው ደግሞ የምሰሶውን እግር እንዲጠብቅለት ብሎ ልክክ ያለ የናስ ቆብ አልብሶታል፤ ከታች አልበሳውም። ቆቡን ሳወልቀው ውሃ ፈሰሰ። እንጨት ያጠነክራል እየተባለ የሚሸጠውን ፈሳሽም ለበር መቃን ተዉት፤ የንፋስ ጭነት የሚሸከም ምሰሶ ላይ ዋጋ የለውም።

መፍትሄ

ቆርጦ መቀጠል። የፈንገሱ ክር ዓይን ከሚያየው አልፎ ስለሚሄድ ከእርሳሱ ምልክት ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ወደ ላይ አልፋችሁ ቁረጡ። መቀጠያው ሰያፍ ይሁን፤ ርዝመቱ የውፍረቱ 12 እጥፍ። ምሰሶው 6 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው ሰያፉ 72 ሳንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ብዙ እንጨት ይበላል፤ ያሳጠረው ሰው መቀጠያው ንፋስ መሃል ይለቀዋል። አዲሱ እንጨት ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ ጅማቱም ቀጥ ያለ፤ ብዙ አሮጌ ምሰሶዎች ስፕሩስ ከሚባለው ጥድ መሰል ዛፍ የተሠሩ ናቸው። ውስጡ ክፍት የሆነ ምሰሶ ከሆነ እግሩ ውስጥ ድፍን እንጨት አስገቡ፤ የዚህ እንጨት የላይ ጫፍ ግን በ«ቪ» ቅርጽ ይሰንጠቅ። ቀጥ ብሎ ካለቀ ምሰሶው ልክ እዚያ መስመር ላይ ይሰበራል።

ማጣበቂያው ኢፖክሲ ነው፤ ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ። እንጨቱ ወደ 12 በመቶ እርጥበት እስኪወርድ ድረስ አትቸኩሉ። ማጠንከሪያውን አምራቹ ባለው ልክ ብቻ ጨምሩ፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማብዛት ሙጫውን ለስላሳ አድርጎ ያስቀረዋል። መጀመሪያ ሁለቱንም ገጽ በቀጭኑ ቀቡ፣ ቀጥሎ በወፈረው አጣብቁ። ሞርሳውን እስከ መጨረሻ አታጥብቁ፤ ሙጫው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣል። ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚቀረውን ቅባት መሰል ነገር ከብርጭቆ ወረቀት በፊት በውሃ እጠቡት። ጓንት አድርጉ። ኢፖክሲ ፀሐይ ስለሚያበላሸው በላዩ ቫርኒሽ ግድ ነው።

የእግሩን ጫፍ መጠጣት እስኪያቆም ድረስ ደጋግማችሁ ኢፖክሲ አጠጡት። የበሰበሰውን መሰኪያም አውጥታችሁ በጠንካራ እንጨት ተኩት፤ ዝቅተኛ ቦታው ላይ 10 ሚሊሜትር የሚሆን የውሃ መውጫ ብሱበት። ይህ ቀዳዳ ካልተበሳ ከላይ የደከማችሁበት ሁሉ እንደገና ይበሰብሳል።

ሌሎች ምልክቶች

ከተጣበቁ እንጨቶች የተሠራ ምሰሶ በቁመቱ ተሰነጠቀ፦ አሮጌው ኮላ ደርቆ ለቋል። በስንጥቁ ኢፖክሲ አታፍስሱ፤ ቀስ ብላችሁ በሙሉ ክፈቱት፣ ላጉት፣ እንደገና አጣብቁት።

ብሎን አካባቢ ጥቁረት፦ ወስፌው ካልገባ ብስባሽ አይደለም፤ ብረት ያቀለመው ነው። ኦክሳሊክ አሲድ ያነጣዋል፤ መርዝ ነው።

ብሎኑ ሲፈታ ተሰበረ፣ ውስጡም ሮዝ ነው፦ ናሱ ዚንኩን አጥቷል። በሲሊከን ነሐስ ብሎን ተኩ። አንዱ እንዲህ ከሆነ ሁሉንም አውጡ።

ኮምፔንሳቶው ተላጠ፦ የባሕር ኮምፔንሳቶ ካልሆነ የተላጠውን ቆርጦ መተካት ነው። ርካሹን የቤት ዕቃ ኮምፔንሳቶ ጀልባ ላይ የሚለጥፍ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

የጣውላ መገጣጠሚያው ላይ ያለው የፋይበር ቴፕ ተገነጠለ፦ በ1962 እ.ኤ.አ. እንደተነደፈችው ሚረር የምትባል ትንሽ ሸራ ጀልባ ያሉ፣ በመዳብ ሽቦ ተሰፍተው በቴፕ የተያያዙ ጀልባዎች ላይ ይታያል። ቴፑ የተለጠፈበት የዚያ ዘመን ሙጫ፣ ፖሊስተር ሬዚን፣ እንጨት ላይ ዘላቂ አይደለም። ልጣችሁ በኢፖክሲ አዲስ ቴፕ ለጥፉ።

አሮጌ ቀለም ስታነሱ፦ ሊድ (መርዛማው የእርሳስ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ አትፈግፍጉ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆች አይቅረቡ።

በጣውላና በጣውላ መካከል ውሃ ይገባል፦ ጀልባው ከደረቀ ቆይቶ ከሆነ ጣውላው ተኮማትሯል። ክፍተቱን በጠንካራ ስቱኮ የሚደፍን ሰው አለ፤ ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ማረፊያ ያጣና የውስጡን አጥንት ይሰብራል። ጥልቀት በሌለው ውሃ አስራችሁ ለጥቂት ቀናት ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላም የሚያፈሰውን ቦታ ብቻ በሚለጠጥ ማሸጊያ ድፈኑት።