ኦቶካድ ላይ ክብና ቅስት ሲያስቸግር

ክቡ ጎን አወጣ

ኦቶካድ በሚባለው የንድፍ መሳያ ሶፍትዌር የተሳለ ክብ ባለ ጎን ሆኖ ሲታይ ብዙ ሰው ወዲያው አጥፍቶ እንደገና ይስላል። አታጥፉት። መጀመሪያ ጥፋቱ የስክሪኑ ይሁን የስዕሉ ለዩ። ክቡን መርጣችሁ ኮንትሮልና 1 ስትጫኑ የተመረጠው ነገር ምን እንደሆነ የሚያሳየው የፕሮፐርቲስ ሳጥን ይከፈታል።

ከላይ «ሰርክል» (ክብ) የሚል ከሆነ ክቡ ደህና ነው። ኦቶካድ ለፍጥነት ሲል ስክሪን ላይ ክብን በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ነው የሚያሳየው። ዙም ስታደርጉ ጎኖቹ ይወጣሉ። «ሪጄን» (ስክሪኑን የሚያድስ ትእዛዝ) ጻፉና ኢንተር በሉ፤ ይስተካከላል። ደጋግሞ ካስቸገረ «ቪውሬስ» (የክብ አሳያየት ጥራትን የሚወስን ትእዛዝ) ጻፉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በኢንተር እለፉት፤ ቀጥሎ ከ1 እስከ 20000 ያለ ቁጥር ይጠይቃል። 1000 ከሆነ 5000 አድርጉት። ቁጥሩ ከፋይሉ ጋር ስለሚቀመጥ ሌላ ፋይል ላይ አይከተላችሁም።

ሳጥኑ «ፖሊላይን» (የተያያዙ መስመሮች) ካለ ግን መቶ ጊዜ ሪጄን ብትሉ ዋጋ የለውም። ክብ መስሎ የመጣ ባለ ብዙ ጎን ነው። ከፒዲኤፍ ወይም ከሌላ ሶፍትዌር በመጣ ስዕል ላይ ይህ የተለመደ ነው። «ሰርክል» ብላችሁ ባለ ሦስት ነጥቡን ምረጡ፤ ከዚያ ተራርቀው ያሉ ሦስት ጥጎችን በኤንድፖይንት ስናፕ (ጠቋሚውን በትክክል ጫፍ ላይ በሚያሳርፈው) ያዙ። እውነተኛው ክብ በላዩ ይወጣል፤ አሮጌውን ደምስሱ።

ኮለኑ (ምሰሶው) እጥፍ ሆነ

የ400 ሚሊሜትር ክብ ኮለን ፈልጋችሁ 400 ብትጽፉ 800 ይወጣል። የሚጠይቃችሁ ራዲየስ (ከመሃል እስከ ጠርዝ) ነዋ! ከቁጥሩ በፊት ዲ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ፤ ያኔ ዲያሜትር (ከጠርዝ እስከ ጠርዝ) ይቀበላል። የኮማንድ መስመሩን ማንበብ የሚጠላ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያዘው።

የበሩ ቅስት ወደ ውጭ ዞረ

የ90 ሳንቲም በር እየሳላችሁ ነው እንበል። በቅስት ትእዛዙ «ስታርት፣ ሴንተር፣ ኤንድ» (መነሻ፣ መሃል፣ መድረሻ) አማራጭ የበሩን ጫፍ፣ ማጠፊያውን፣ ከዚያ መቃኑን ነካችሁ። ሩብ ክብ ስትጠብቁ 270 ዲግሪ ዞሮ ቁጭ አለ። ኦቶካድ ቅስትን የሚስለው ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ስለሆነ ነው። የመጨረሻውን ነጥብ ከመንካታችሁ በፊት ኮንትሮልን ተጭናችሁ ያዙ፤ አቅጣጫው ይገለበጣል። ይህ ከኦቶካድ 2014 እትም ጀምሮ ያለ ነው። በአሮጌው የምትሰሩ መነሻና መድረሻውን አቀያይሩ።

«ሰርክል ዳዝ ኖት ኤግዚስት»

ሁለት ነገር ነክቶ የሚያልፍ ክብ ስትስሉ ይህ «እንዲህ ያለ ክብ የለም» የሚል መልእክት ከመጣ፣ በአብዛኛው ራዲየሱ አንሷል። በሁለት ክቦች ጠርዝ መካከል 500 ሚሊሜትር ካለ፣ ከ250 ያነሰ ራዲየስ ሁለቱንም አይደርስም። ርቀቱን ለኩ፤ ከግማሹ ጀምሩ።

ትሪም (የመቁረጫ ትእዛዙ) ክቡን አልቆርጥ አለ

ቆራጩ መስመር ክቡን ሁለት ቦታ ማቋረጥ አለበት። አንድ ቦታ ብቻ ከነካ መስመሩን አስረዝሙ ወይም «ብሬክ» (በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን የሚያጠፋ ትእዛዝ) ተጠቀሙ። ብሬክም ከመጀመሪያው ነጥብ ወደ ሁለተኛው ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው የሚያጠፋው። የምትፈልጉትን ክፍል ከወሰደባችሁ በኮንትሮልና ዜድ መልሱትና ነጥቦቹን በተቃራኒ ቅደም ተከተል ንኩ።