የጡረታ ካልኩሌተሩ አሜሪካ መቼ እንደገባችሁ አያውቅም

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጓደኛዬ ቤት አቦሉን እየጠጣን ስልኳን ሰጠችኝ። «እስቲ እየው፣ ጡረታዬ ይሄ ነው» አለችኝ። የሶሻል ሴኩሪቲን፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤትን፣ ፈጣን ካልኩሌተር ከፍታ የልደት ቀኗንና የዘንድሮ ደሞዟን አስገብታለች። የመጣላት ቁጥር ፊቷን አብርቶታል። ደስታዋን ማደፍረስ ከበደኝ። ግን ቁርጡን ዛሬ ማወቅ በ67 ዓመት ከመደንገጥ ይሻላል። «አሜሪካ የገባሽው በስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት።

በ47 ነው። ካልኩሌተሩ ይህን አልጠየቃትም።

ያልሠሩበትን ዘመን እንደተሠራ መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፈጣኑ ካልኩሌተር የዛሬ ደሞዛችሁን ይዞ ወደኋላ ይሄዳል። ከወጣትነታችሁ ጀምሮ እዚህ ሀገር ስትሠሩ እንደኖራችሁ ገምቶ ያለፈውን ገቢ ራሱ ይሞላዋል። እዚህ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ ብዙ አይጎዳም። ጎልማሳ ሆኖ ለመጣ ግን የሌለ ገንዘብ ያሳያል።

ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚያሰላው ከፍተኛ ገቢ ያገኛችሁባቸውን 35 ዓመታት ወስዶ ነው። 20 ዓመት ብቻ ከሠራችሁ የቀሩት 15 ዓመታት በዜሮ ይገባሉ። ጓደኛዬ በዓመት 48,000 ዶላር ታገኛለች። በፈረንጆቹ 2025፣ 62 ዓመት ለሞላው ሰው በሚያገለግለው ቀመር ብናሰላው፣ ይህ ደሞዝ 35 ዓመት ሙሉ ቢሠራበት በ67 ዓመት በወር ወደ 1,990 ዶላር ያስገኛል። 20 ዓመት ከሆነ ግን ወደ 1,440 ይወርዳል። ልዩነቱ በወር 550 ዶላር ነው። ለብዙዎቻችን ይሄ የወር አስቤዛ ነው።

ስለዚህ ፈጣኑን ትታችሁ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱ። «ማይ ሶሻል ሴኩሪቲ» ይባላል፣ ክፍያ የለውም። በስማችሁ የተመዘገበውን የየዓመቱን ገቢ ያሳያችኋል፤ ግምቱንም የሚሠራው ከዚያ ተነሥቶ ነው። እሱም ቢሆን እስከ ጡረታ ድረስ የዛሬውን ያህል እያገኛችሁ ትቀጥላላችሁ ብሎ ነው የሚያስበው። ስትከፍቱት ዓመቶቹን አንድ በአንድ እዩ። ሁለት ቦታ የሠራችሁበት ዓመት ጎድሎ ካገኛችሁት የዚያን ዓመት ደብሊው ቱ፣ አሠሪ በየዓመቱ የሚሰጠውን የደሞዝና የታክስ ወረቀት፣ ፈልጉና አስተካክሉ።

ሀገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገላችሁበት ዘመን እዚህ አይደመርም፤ ሁለቱ ሀገሮች ይህን የሚፈቅድ ስምምነት የላቸውም። በጣሊያን፣ በስዊድን ወይም በካናዳ በኩል የመጣችሁና እዚያ የሠራችሁ ግን ጠይቁ። ከእነሱ ጋር ስምምነት ስላለ፣ እዚህ የሚፈለገው 40 ክሬዲት፣ ማለትም የ10 ዓመት ሥራ፣ ለጎደለበት ሰው ያ ዘመን ሊረዳው ይችላል።

የልደት ዓመትን በእኛ አቆጣጠር ማስገባት

ቀላል ይመስላል፣ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በእኛ 1960 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ 1967 ወይም 1968 ነው። 1960 ብሎ ካስገባ ካልኩሌተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። በስደተኝነት መጥታችሁ ልደታችሁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለውን አስገቡ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያውቀው እሱን ነው።

ኡበር ላይ የገባውን ሁሉ ገቢ ማለት

ይሄ ለሾፌር ወንድሞቼና እህቶቼ ነው። በዓመት 60,000 ዶላር ሠራሁ ብላችሁ ካልኩሌተሩ ላይ 60,000 ትጽፋላችሁ። ታክስ ስትሠሩ ግን ለሥራ የነዳችሁትን ማይል እንደ ወጪ ትቀንሳላችሁ። በ2025 ተመን፣ በማይል 70 ሳንቲም፣ 40,000 ማይል የነዳ ሰው 28,000 ዶላር ይቀንሳል። ኮሚሽኑና ሌላው ወጪ ሲነሣ የተጣራው ከ32,000 በታች ይሆናል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያየው ይህንን የተጣራ ገቢ ነው። ማይሉን መቀነስ መብታችሁ ነው፣ ተዉት አልልም። ግን በዚያ በኩል የቀነሰውን ጡረታ በሌላ በኩል፣ ለምሳሌ አይ አር ኤ የሚባለውን የግል የጡረታ ቁጠባ ከፍቶ፣ መሙላት ያስፈልጋል።

ከ30 ዓመት በኋላ ያለውን ገንዘብ በዛሬ ዋጋ ማየት

የ401(ኬ)፣ በመሥሪያ ቤት በኩል የሚቆጠበው የጡረታ ገንዘብ፣ ካልኩሌተሮች ትልቅ ቁጥር ማሳየት ይወዳሉ። በወር 500 ዶላር፣ በዓመት 7 በመቶ፣ ለ30 ዓመት ብትሉት 610,000 ዶላር ገደማ ይላችኋል። ዋጋ በዓመት 3 በመቶ ከጨመረ ግን ያ ገንዘብ የሚገዛው ዛሬ 251,000 ዶላር የሚገዛውን ያህል ነው። የዋጋ ንረት የሚሞላበት ቦታ ካለ ባዶ አትተዉት። ከሌለና የምታስቀምጡትን ከዋጋው ጋር እያሳደጋችሁ ከሄዳችሁ፣ 7 የሚለውን 4 አድርጋችሁ ሞክሩት። ከመደበኛው 401(ኬ) ስታወጡም ታክስ እንዳለበት አትርሱ።

ሀገር ቤት የሚላከውን መርሳት

ካልኩሌተሩ ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መኪና እያለ ይጠይቃል። ለእናት ስለሚላክ ገንዘብ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ሠርግ አይጠይቅም። እኛ ደግሞ ጡረታ ወጣን ብለን መላክ አናቆምም። «ሌላ ወጪ» የሚለው ቦታ ላይ አስገቡት።

«እኔ እንደሆነ ሀገሬ ነው የምገባው» የምትሉም አላችሁ። መልካም ነው። ግን ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሕክምናን በአብዛኛው አይከፍልም፤ ስለዚህ የሕክምና ገንዘብ ለብቻ ያዙ። ወጪያችሁንም በዛሬ ምንዛሪ አታስሉ። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ብር በምን ፍጥነት እንደወረደ ሁላችንም አይተናል፤ የሸቀጡም ዋጋ ባለበት አልቆመም።

ጓደኛዬ በረካው ሲቀዳ አካውንቷን ከፍታ ጨርሳ ነበር። ለእናቷ በየወሩ የምትልከውን 300 ዶላርም ወጪ ውስጥ አስገባነው። አዲሱ ቁጥር ከመጀመሪያው በጣም አነሰ። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የመሥሪያ ቤቷን ገጽ ከፍታ ለ401(ኬ) የምታስቀምጠውን ከ3 በመቶ ወደ 6 ከፍ አደረገችው። መሥሪያ ቤቱ እስከ 6 ድረስ እኩል ይጨምርላት ነበርና።